ስንጥቁን ራሱ የሚደፍን አርማታ፦ የት ይሠራል? የት አይሠራም?

በእስራኤል ከሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው የሚያድረው በአርማታ ቤት ውስጥ ነው። ሽኩኑ አርማታ ነው፤ ማማዱም አርማታ ነው። ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ አውቶቡስ የሚያልፍበት ድልድይ፣ የባቡሩ ዋሻ፣ ከሕንፃ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ተቀላቅሎ፣ በውስጡም ፌሮ ገብቶበት የተሠራ ነው። ድንጋይ ስለሚመስል ብዙ ሰው አርማታ የማያረጅ ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን አርማታ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊታመምም ይችላል።

በሴፕቴምበር 2021 በሆሎን ከተማ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ተደርምሷል። የሰው ሕይወት ሳይጠፋ የቀረው ነዋሪዎቹ አንድ ቀን ቀደም ብለው ከቤታቸው እንዲወጡ ስለተደረገ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 14 ቀን 2018፣ በጣሊያን ጄኖዋ ከተማ ሞራንዲ የሚባለው ትልቅ ድልድይ ወድቆ 43 ሰዎች ሞተዋል። ድልድዩን የያዙት የብረት ገመዶች በአርማታ የተሸፈኑ ስለነበሩ፣ ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ሲበላ ከውጭ በዓይን ማየት አስቸጋሪ ነበር።

ከእንዲህ ዓይነቱ አደጋ በኋላ አንድ ዜና ደጋግሞ ይሰማል፤ "ሳይንቲስቶች ራሱን በራሱ የሚጠግን አርማታ ሠሩ" የሚል። ዜናው ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለው አርማታ በሆላንድ፣ በአሜሪካ፣ በጃፓንና በሌሎችም አገሮች በእውነተኛ ሥራ ላይ ውሏል። ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው ግማሹ ነገር ነው፤ ማለትም ምን ዓይነት ስንጥቅ እንደሚደፍንና ምን ዓይነቱን እንደማይደፍን። ያንን ለይቶ ማወቅ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ለሚኖር ሰው ትልቅ ጥቅም አለው።

አርማታ ለምን ይሰነጠቃል?

አርማታ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። ከባድ ሸክም ከላይ ቢቆለልበት ይችላል፤ ሲለጠጥ ወይም ሲጎብጥ ግን ይሰነጠቃል። ፌሮ የሚገባበትም ለዚህ ነው፤ አርማታው ጭነቱን ይሸከማል፣ ፌሮው መሳቡን ይችላል። ሁለቱ ተጋግዘው ነው ሶሌታውን የሚይዙት።

እንዲያም ሆኖ ስንጥቅ አይቀርም። አዲስ የተሞላ አርማታ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ሙቀት ይለጠጣል፣ በክረምት ይሰበሰባል። መሐንዲሶችም ይህን ስለሚያውቁ፣ በተለመደው የሕንፃ ሥራ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭን ስንጥቅ እንዳለ ይቀበሉታል። ሕንፃውን የሚጥለው ይህ ስንጥቅ ራሱ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው በስንጥቁ ውስጥ በሚገባው ነገር ነው።

ጤነኛ አርማታ በውስጡ እንደ አመድ ውሃ ያለ ጠባይ አለው። ይህ ጠባዩ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቀዋል። በስንጥቁ በኩል ውሃ፣ አየርና ጨው ሲገቡ ግን ጥበቃው ይፈርስና ብረቱ መዛግ ይጀምራል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ ብዙ እጥፍ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ከውስጥ እየገፋ አርማታውን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ሲሰፋ ሌላ ውሃ ይገባል፤ ውሃው ሌላ ዝገት ይወልዳል። እንደ አሽዶድ፣ አሽከሎንና ናታንያ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች በረንዳዎችና ምሰሶዎች ቶሎ የሚፈረፈሩት፣ ከባሕሩ የሚነፍሰው አየር ጨው ስለሚያመጣ ነው።

ስለዚህ የሳይንቲስቶቹ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ስንጥቁ ገና እንደ ፀጉር ቀጭን ሳለ ራሱን ቢዘጋ ውሃው አይገባም፣ ብረቱም አይዝግም።

አሮጌው ኖራ ያውቀው የነበረ ጥበብ

ሐሳቡ አዲስ ቢመስልም ነገሩ ጥንታዊ ነው። ኖራ ያለበት ግንብ ቀጭን ስንጥቅ ሲወጣበት፣ የዝናብ ውሃ ትንሽ ኖራ ያሟሟል፤ ውሃው ሲደርቅ ያ ኖራ በስንጥቁ ውስጥ ተመልሶ ይጠጥራል። እንደ ማሰሮ ማሟሸት ነው። አዲስ የሸክላ ዕቃ ሲሟሽ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ውሃ ማንጠባጠቡን ያቆማል፤ በኖራ ግንብ ላይም ዝናቡ ቀስ በቀስ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

የጎንደር ነገሥታት ግንቦች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በጎንደር ዘመን ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁ ነበሩ፤ በግንቦቹ ሥራም ተሳትፈዋል። ስለዚህ ድንጋይን በኖራ ማያያዝ ለማኅበረሰቡ እንግዳ ሙያ አይደለም።

በዚሁ በእስራኤል ምድርም የጥንት አርማታ ምስክር አለ። ንጉሥ ሄሮድስ ከ2,000 ዓመት በፊት በቂሳርያ ታላቅ ወደብ ሲሠራ፣ ግንበኞቹ በጣሊያን ኔፕልስ አካባቢ የሚገኘውን የእሳተ ገሞራ አመድ በመርከብ አስመጥተው ከኖራ ጋር ቀላቅለው ተጠቅመዋል። ይህ ድብልቅ ውሃ ውስጥ እያለ የሚጠጥር ነው። የእንጨት ሣጥን ባሕር ውስጥ አስቀምጠው በውስጡ ሞሉት። የወደቡ ትልቅ ክፍል ከሥሩ ያለው ወለል ዝቅ ስላለ ዛሬ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይገኛል፤ የአርማታው ጉማጆች ግን አሁንም እዚያው ባሕሩ ውስጥ አሉ። ይህም አንድ ነገር ያስተምራል፤ አርማታው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን መሠረቱ ከከዳው ቦታው ላይ አይቆይም።

በሮም ከተማ ያለው ፓንቴዎን የሚባለው ቤት ደግሞ ጣሪያው ፌሮ የሌለበት የአርማታ ጉልላት ነው። ስፋቱ 43 ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ 1,900 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆሟል። ሮማውያን ይህን እንዴት ቻሉ የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። በ2023 የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ መልስ አቅርበዋል። በሮማውያን አርማታ ውስጥ ትናንሽ ነጫጭ የኖራ እብጠቶች ይታያሉ። ድሮ ሰዎች እነዚህን ሲያዩ "ግንበኛው በደንብ አላቦካውም" ይሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን እብጠቶቹ ያልተቀዘቀዘ ኖራ ከነትኩሳቱ በመቀላቀሉ የመጡ መሆናቸውን አሳዩ። ስንጥቅ ሲፈጠር በእብጠቶቹ በኩል ያልፋል፤ ውሃ ሲገባ ኖራው ይሟሟና ስንጥቁን ይደፍናል። በዚያው ስልት አርማታ ሠርተው፣ ሆን ብለው ሰንጥቀው ውሃ ሲያፈሱበት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃው ማለፉን አቆመ። ያንን ኖራ ያልጨመሩበት አርማታ ግን ስንጥቁ አልተዘጋም።

በእንቅልፍ ላይ ያሉ ግንበኞች

በዘመናችን ብዙ የተወራለት ስልት የተጀመረው በሆላንድ ዴልፍት ከተማ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሄንክ ዮንከርስ የሚባሉ ተመራማሪ በ2006 ይህን ሥራ ጀመሩ። ዮንከርስ የግንባታ መሐንዲስ አይደሉም፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳትን የሚያጠኑ ናቸው። ጥያቄያቸውም እንዲህ የሚል ነበር፤ በአርማታ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ተኝቶ፣ ስንጥቅ ሲፈጠር ነቅቶ የኖራ ድንጋይ የሚሠራ ባክቴሪያ ይገኛል ወይ?

አርማታ ውስጥ መኖር ለማንኛውም ነፍሳት ከባድ ነው። ውስጡ እንደ አመድ ውሃ የሚለበልብ ነው፤ ደረቅም ነው። በዓለም ላይ ግን እንዲህ ያለ ለብላቢ ቦታን የሚወዱ ባክቴሪያዎች አሉ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ እንዳሉት እንደ ሻላና አቢያታ ባሉ ሶዳማ ሐይቆች ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳት የዚህ ዓይነት ጠባይ አላቸው። ዮንከርስ የመረጡት ባሲለስ ከሚባለው ወገን ነው። ይህ ባክቴሪያ ምግብና ውሃ ሲያጣ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ይሸፍንና እንደ ዘር ይተኛል። በዚህ እንቅልፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት መቆየት ይችላል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የተኛው ባክቴሪያ ከምግቡ ጋር ይታሸጋል። ምግቡ ካልሲየም ላክቴት የሚባል ጨው ነው። ሁለቱ በጥቃቅን እንክብሎች ሆነው አርማታው ሲቦካ አብረው ይቀላቀላሉ። ስንጥቅ እስካልመጣ ድረስ ምንም አይሆንም። አርማታው ሲሰነጠቅና ውሃ ሲገባ ግን፣ የሰኔ ዝናብ ደረቅ መሬት ውስጥ ያለውን ዘር እንደሚያበቅለው፣ ውሃው ባክቴሪያውን ያነቃዋል። ነቅቶ ምግቡን ይበላል፤ ሲበላም የኖራ ድንጋይ ይሠራል። የኖራው ድንጋይ በስንጥቁ ግድግዳ ላይ እየተደራረበ ይደፍነዋል። በዚያ ላይ ባክቴሪያው ሲሠራ ኦክስጅን ስለሚጠቀም፣ ለዝገት የሚያስፈልገው አየር ይቀንሳል። ስንጥቁ ተዘግቶ ውሃው ሲቀር ባክቴሪያው ተመልሶ ይተኛል።

በዚህ ዘዴ እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ በሦስት ሳምንት ገደማ እንደሚደፈን በምርምር ታይቷል። ተራ አርማታ ራሱን ቢጠግን እንኳ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ባክቴሪያ የሚለው ስም ሊያስፈራ ይችላል፤ ይህ ወገን ግን የተመረጠው ሰውን ስለማያሳምም ጭምር ነው። በ2015 ዮንከርስ ለአውሮፓ የፈጣሪዎች ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበሩ።

እስካሁን የት ሥራ ላይ ውሏል?

የመጀመሪያው ሕንፃ ትንሽ ነበር። በ2011 በሆላንድ በአንድ ሐይቅ ዳር ለዋና ጠባቂዎች የተሠራ ቤት ነው። ሐይቅ ዳር የተመረጠው በምክንያት ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ስልቱን ለመፈተን ይመቻል።

በ2014 ደግሞ ነገሩ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ። በኢኳዶር ደጋማ አገር ገበሬዎች የተራራ ውሃን በአርማታ ቦይ ወደ እርሻቸው ይወስዳሉ። አርማታው ሲሰነጠቅ ውሃው ማሳው ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። የዴልፍት ተመራማሪዎች ከአገሩ ባለሙያዎች ጋር የቦዩን አንድ ክፍል ባክቴሪያ ባለበት አርማታ ሠሩት። አርማታው እንዲጠነክርም በዚያው አገር የሚበቅል አባካ የሚባል ተክል ጭረት ጨመሩበት። ገበሬ ውሃ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው፣ የዚህ ቦይ ጥቅም ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው መንገድ በአሮጌ ሕንፃ ላይ የሚሠራው ነው። ቀድሞ የተሠራ አርማታ ውስጥ ባክቴሪያ መቀላቀል አይቻልም። ስለዚህ ባክቴሪያውንና ምግቡን የያዘ ፈሳሽ ተዘጋጅቶ በስንጥቁ ላይ ይረጫል። በሆላንድ አፔልዶርን ከተማ የሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ወለል ውሃ ያፈስ ስለነበር በዚህ ፈሳሽ ታክሟል። ባዚሊስክ የሚባል ከዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ኩባንያ ዛሬ ይህን ፈሳሽ፣ የጥገና ልስንና በአዲስ አርማታ ላይ የሚጨመረውን እንክብል ይሸጣል። በጃፓንም አይዛዋ የተባለው የአርማታ አምራች ከዚሁ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ በ2020 በአገሩ ማምረት ጀምሯል።

በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዚሁ መስክ ለብዙ ዓመት ሠርተዋል። በአንትወርፕ ከተማ ከመሬት በታች ያለ የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ ጣሪያ ባክቴሪያ በተጨመረበት አርማታ ተሠርቷል።

ባክቴሪያ ሳይኖርም የሚሠራ ዘዴ አለ። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቪክተር ሊ እንደ ብረት ሊጎብጥ የሚችል አርማታ ሠርተዋል። በውስጡ ጥቃቅን ጭረቶች ስላሉበት፣ ሲጫኑት በአንድ ትልቅ ቦታ ከመሰንጠቅ ይልቅ በብዙ እጅግ ቀጫጭን ቦታዎች ይሰነጠቃል። የእያንዳንዱ ስንጥቅ ስፋት ከፀጉር አይበልጥም። እንዲህ ቀጭን ሲሆን ደግሞ የዝናብ ውሃና አየር ብቻ ይበቁታል፤ በውስጡ የቀረው ሲሚንቶ ከእነርሱ ጋር ተዋሕዶ ይደፍነዋል። በ2005 በሚሺጋን ግዛት ኢፕሲላንቲ ከተማ አጠገብ፣ በአውራ ጎዳና ላይ ባለ ድልድይ ይህ አርማታ ገብቷል። በድልድይ ላይ በሁለት ሶሌታ መካከል ያለው መገጣጠሚያ ቶሎ የሚበላሽ ቦታ ነው፤ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው በዚያ በኩል ወደ ታች ይወርዳልና። ሠራተኞቹ መገጣጠሚያውን አንስተው በምትኩ የሚጎብጠውን አርማታ አኖሩ። በጃፓንም ሆካይዶ ውስጥ ሚሃራ የሚባለው ድልድይ በተመሳሳይ አርማታ ተሠርቷል።

በብሪታንያ ደግሞ የካርዲፍ፣ የባዝና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች አብረው ሠርተው፣ በ2015 በዌልስ በአንድ የመንገድ ሥራ ቦታ የሙከራ ግድግዳዎች አቆሙ። ብዙ ዘዴ ነው የሞከሩት። አንደኛው ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው መድኃኒቱን የያዙ ጥቃቅን እንክብሎች ናቸው፤ ስንጥቁ ሲደርስባቸው ይፈነዱና ፈሳሹ ይወጣል። ሦስተኛው እንደ ደም ሥር በአርማታው ውስጥ የሚያልፉ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ መድኃኒቱ በእነርሱ በኩል ይገፋል። አራተኛው ሲሞቅ የሚኮማተር ፕላስቲክ ነው፤ በኤሌክትሪክ ሲሞቅ የስንጥቁን ሁለት ጎን ስቦ ያቀራርበዋል። ግድግዳዎቹን ሆን ብለው ሰንጥቀው ነው የተከታተሏቸው።

እነዚህ ቦታዎች ምን ያመሳስላቸዋል?

ዝርዝሩን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። የሐይቅ ዳር ቤት፣ የመስኖ ቦይ፣ ውሃ የሚያፈስ የመኪና ማቆሚያ፣ ከመሬት በታች ያለ ጉድጓድ፣ ጨውና ዝናብ የሚወርድበት ድልድይ ናቸው። ሁሉም ውሃ የሚያገኛቸው ቦታዎች ናቸው። ብዙዎቹም ሰው በቀላሉ ገብቶ ሊጠግናቸው አይችልም፤ ወይም ለመጠገን ውሃውን መዝጋት፣ መንገዱን ማቆም ያስፈልጋል። ራሱን የሚጠግን አርማታ ዋጋው የሚታየውም እዚያ ነው። ባለሙያ በየጊዜው ሊደርስበት የማይችለው ቦታ ላይ ትንሹን ስንጥቅ ሳያድግ ይዘጋዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለው አርማታ ከተራው ይወደዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግድግዳ መጠቀም አያዋጣም። ዋሻና ድልድይ ግን ከተሠራ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት መጠገን አለበት፤ ጥገናው ከሥራው የማይተናነስ ወጪ ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ተጨማሪ ከፍሎ በኋላ ብዙ ማዳን የሚቻለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ሦስተኛው የአየር ንብረት ጉዳይ ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት መቃጠል አለበት። በዓለም ላይ በሰው ሥራ ምክንያት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 8 እጅ ገደማ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው። አንድ ድልድይ በ50 ዓመት ፈርሶ እንደገና ከመሠራት 100 ዓመት ቢቆይ፣ ለሁለተኛው ድልድይ የሚያስፈልገው ሲሚንቶ ይቀራል ማለት ነው።

የቆዳ ጭረትና የአጥንት ስብራት

ራሱን የሚጠግን አርማታ የማይችለውን ነገር ለመረዳት የሰውን ገላ ማየት ይበቃል። ቆዳ ሲጫር ደሙ ይረጋል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይድናል። ማንም ሐኪም አያስፈልገውም። አጥንት ሲሰበር ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ወጌሻ ወይም ሐኪም አይቶ ካላቃናው ተጣሞ ይቀራል።

አርማታም እንዲሁ ነው። ባክቴሪያውና ኖራው የሚደፍኑት ጭረቱን ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር ስንጥቅ እንኳ ለእነርሱ ሰፊ ነው። የዛገ ፌሮን ወደ ብረትነት አይመልሱም። መሠረቱ የሰመጠ ቤትን አያነሡም። የመሬት መንቀጥቀጥ የጎዳውን ምሰሶ አያቃኑም። ስንጥቁን ሲደፍኑም ዋናው ሥራቸው ውሃን መከልከል ነው እንጂ፣ የተሰበረውን የሕንፃ አካል እንደ ቀድሞው ብርቱ ማድረግ አይደለም።

በእስራኤል ከ1980 በፊት በወጣ ፈቃድ የተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋሙ ተደርገው አልተሠሩም። ለእነርሱ ማጠናከሪያ ተብሎ በ2005 ታማ 38 የሚባለው ዕቅድ ወጥቷል። የእነዚህ ሕንፃዎች ችግር የፀጉር ስንጥቅ ብቻ አይደለምና፣ ራሱን የሚጠግን አርማታ ለእነርሱ መልስ አይሆንም። እነርሱ ወጌሻ ነው የሚያስፈልጋቸው።

በቤት ውስጥ ስንጥቅ ሲታይ

ከዚህ ሁሉ ለአንድ ነዋሪ የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፤ አሁን የሚኖርበት ቤት ራሱን አይጠግንም። ስለዚህ አይቶ ማሳወቅ የሰው ሥራ ነው።

በልስኑ ላይ ብቻ ያለ ቀጭን ስንጥቅ በየቤቱ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈራም። የሚያሳስቡት ምልክቶች ሌሎች ናቸው። ስንጥቁ ከሳምንት ሳምንት ሲሰፋ፤ በምሰሶ ወይም በሶሌታ ላይ ሲሆን፤ በግድግዳው ላይ እንደ ደረጃ ወይም አግድም ተሰልፎ ሲሄድ፤ ከስንጥቁ ቡናማ የዝገት ውሃ ሲወርድ፤ አርማታው ረግፎ ፌሮው ሲታይ፤ ቀድሞ ደህና ይዘጋ የነበረ በር ወይም መስኮት ሲጣበቅ፤ ከሕንፃው የመሰንጠቅ ወይም የመጮህ ድምፅ ሲሰማ። በተለይ ከሕንፃው ሥር ያሉት ምሰሶዎች ሊታዩ ይገባል፤ ሰው ብዙ ጊዜ በአጠገባቸው ሲያልፍ አያስተውላቸውም።

ስንጥቁ ይሰፋ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የስንጥቁ ጫፍ የት እንደደረሰ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ከጎኑ ቀኑን መጻፍ ነው። ስፋቱን በማስመሪያ አስደግፎ በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይረዳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ነገሩ አልቆመም ማለት ነው። ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ግን ለቀጫጭኑ ነው፤ በምሰሶ ላይ የሚታይ ትልቅ ስንጥቅ ወይም የወጣ ፌሮ ሲኖር ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም።

ነገሩን መጀመሪያ ለቫአድ ባይት መንገር ይገባል። በአሚዳር ቤት የሚኖር ሰው ለአሚዳር ያሳውቃል። ሕንፃው አደገኛ ይመስላል የሚል ሥጋት ካለ ወደ ከተማው ኢሪያ በ106 መደወል ይቻላል፤ ኢሪያው አደገኛ ሕንፃዎችን የሚያይ ክፍል አለው። ሕንፃው ድምፅ እያሰማ ከሆነ ወይም ስንጥቁ በዓይን እየሰፋ ከሄደ ግን መጀመሪያ መውጣት፣ ጎረቤትን ማስወጣት፣ ከዚያ መደወል ነው። በሆሎን የሰዎቹን ሕይወት ያተረፈው በጊዜው መውጣታቸው ነው።

ስልኩን የሚያነሣው ሰው አማርኛ ላያውቅ ስለሚችል፣ ጥቂት የዕብራይስጥ ቃላትን መያዝ ይጠቅማል። ስንጥቅ "ሴዴክ" ይባላል። እርጥበት "ሬቲቩት"፣ ዝገት "ሐሉዳ"፣ ምሰሶ "አሙድ"፣ አደገኛ ሕንፃ "ሚቭኔ ሜሱካን" ነው። የሕንፃን ጥንካሬ የሚመረምረው ባለሙያ "መሃንዴስ ኮንስትሩክቶር" ይባላል፤ ሺፑጽኒክ ወይም ቀለም ቀቢ የእርሱን ቦታ አይተካም።

አንድ ሰው መጥቶ "ይህን ቀለም ብቀባው ስንጥቁ ለዘላለም ይጠፋል" ቢል ገንዘብ ከመክፈል በፊት መሐንዲሱ ምን እንዳለ መጠየቅ ይበጃል። ስንጥቅን በልስን መሸፈን መልኩን ያሳምረዋል፤ ግን የሚመረምረው ባለሙያ እንዳያየው ያደርጋል፣ ውስጥ ያለውን ዝገትም አያቆምም። በሆላንድም ሆነ በጃፓን ይህን አዲስ አርማታ የሚጠቀሙ መሐንዲሶች የሠሩትን ሥራ እየሄዱ ይመረምራሉ። ራሱን የሚጠግነው አርማታ እንኳ የሚያየው ሰው ይፈልጋል፤ ራሱን የማይጠግነው አሮጌው ሽኩን ደግሞ ከእርሱ ይበልጥ ይፈልጋል።